ብርሃን ያለፈበት ቆዳ

የእህቴ አማት እህቴን የመለሰቻት በቅቤ ጭነት መኪና ላይ ነው። መኪናው ሰበታ ቤታችን ደጃፍ ቆመ፣ ረዳቱ የልብስ ሳጥኗን አወረደ፣ ቀጥሎ እህቴ ወረደች። ልጇ አብራት አልነበረችም። እናቴ ገና ከበሩ ሳትወጣ «ልጅቱስ?» አለች። እህቴ ሳጥኗን አነሣች። የቀሚሷ ደረት ከጡቷ በፈሰሰ ወተት ርሶ ነበር፤ እናቴም እሱን አይታ ጥያቄዋን ተወችው።

እህቴ የተዳረችው ቡራዩ ነው፣ ቅቤና በርበሬ ከሚነግዱ ሰዎች ቤት። አማትየዋ ቅቤዋን ከሱሉልታና ከጫንጮ ገበያ እየሰበሰበች መርካቶ የምታስገባ፣ ደላላ ሁሉ የሚፈራት ሴት ናት። በዚያ ክረምት መውጫ ላይ በእህቴ አንገት፣ ደረትና ትከሻ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ክብ ነገሮች ወጡባት። አያሙም፣ ብዙም አያሳክኩም፤ ብቻ ከቆዳዋ ቀለም ፈዘዝ ብለው ይታያሉ። አማትየዋ የሰፈሩን መርፌ ወጊ ጠርታ አሳየቻት። ሰውየው ጦር ሠራዊት ውስጥ የቁስለኛ ፋሻ ይጠቀልል ነበር ይባላል፤ ቡራዩ ውስጥ ግን ሐኪም ነው። ከበሩ ሳያልፍ አየት አደረጋትና ሥጋ ደዌ ነው ብሎ ሄደ።

በቃ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እህቴ ልጇን እንዳታጠባ፣ ቅቤው ወደሚቀመጥበት ክፍል እንዳትገባ፣ ለብቻዋ በተለየ ዕቃ እንድትበላ ተደረገ። ቅቤ ነጋዴ ቤት ውስጥ ሥጋ ደዌ አለ ከተባለ ማን ይገዛል? የአማትየዋ ጭንቅ እሱ ነበር። ሰው እንዲህ ሲያወራ መጨረሻ ላይ «አልፈርድባትም» ይላል። እኔ እፈርድባታለሁ። ባልየው ደግሞ እናቱ ስትናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ቀርቼ፣ ሰበታ ካለው ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ስላይድ አጥብ ነበር። እናቴ «ይህቺ ልጅ ወንበር ይቆረቁራታል» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልችልበትም። ላቦራቶሪው ግን ይዞኝ ቀረ፣ በተለይ የቆዳ ምርመራ። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ጋሼ የምላቸው፣ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው የማይወጣ ሰው ናቸው፤ ግን አንድ ነገር ሲያሳዩ አሳምረው ያሳያሉ። ቆዳ ተፍቆ እንዲሁ በደረቁ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገባ ምንም አይታይበትም። ብርሃኑ ከሥር ይመጣና ቅርፊቱ ላይ ይበታተናል፣ ዓይን የሚያገኘው ጥቁር ፍርስራሽ ብቻ ነው። ጠብታ የፖታሽ ውሃ ሲጨመርበትና ትንሽ ሞቅ ሲደረግ ግን ቆዳው ይለሰልሳል፣ ይሟሟል፣ ቀስ እያለ ይጠራል። ብርሃኑ ያለ ከልካይ ያልፋል። ፈንገስ ካለበት ፖታሹ ቶሎ አይበግረውም። ቤት ሲፈርስ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ሌባ እንደሚገኘው፣ ቆዳው ሲጠፋ እሱ ራቁቱን ይቀራል።

እህቴ በመጣች ማግስት እጇን ይዤ ወሰድኳት። ጋሼ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍነው ነጣ ያለውን ቦታ በጥጥ ጫፍ እየነኩ የት እንደነኳት ጠየቋት። አንድም ጊዜ አልሳተችም። የሥጋ ደዌ ቆዳ መነካቱን አያውቅም፣ ያንቺ ያውቃል አሏት። ከዚያ አንገቷን በምላጭ ጎን ፋቅ ፋቅ አድርገው ቅርፊቱን ስላይድ ላይ አኖሩ፣ ፖታሽ ጨመሩ፣ ጠበቁ፣ አዩ፣ እኔንም ጠሩኝ። አጫጭር የተቆራረጠ ክር፣ በክሩ መካከል የተከማቹ ክብ ነገሮች።

«ቋቁቻ ነው» አሉ ጋሼ። «እንኳን ከባል ቤት፣ ከገበያም አያስቀር።»

የድኝ ቅባት ሰጧት፣ ውጤቱንም ጽፈው ማህተም አደረጉበት። ወረቀቱን በዚያው በቅቤው መኪና ረዳት እጅ ቡራዩ ላክን። መልሱ በቃል መጣ፤ ረዳቱ እያፈረ ነው የነገረን። አማትየዋ «ማህተሙ እህቷ የምትሠራበት ቤት ነው፣ የእህቷ እጅ አለበት» ብላለች። ስለ ጥጡም ሲነግሯት፣ ልጇን የምትፈልግ ሴት ባይሰማትም ተሰማኝ ትላለች ብላ መልሳለች። አስከትላም የፊታችን እሑድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጋብቻውን እንደሚያፈርሱ፣ ልጅቱም ለአባቷ ቤት እንደምትጸና ላከችብን። ብትፈልጉ ኑ፣ ባትፈልጉ ቅሩ።

እናቴ አለቀሰች። እህቴ የድኝ ቅባቱን ከፍታ ልትቀባ ስትል ከእጇ ነጠቅኳት።

«ምን ሆንሽ?» አለች።

«ከዳንሽ ምን አሳያቸዋለሁ?» አልኳት። «እሑድ እስኪያልፍ በሽታሽን አስቀምጪልኝ።»

ቅዳሜ ዕለት ጋሼን ማይክሮስኮፑን ለአንድ ቀን እንዲሰጡኝ ጠየቅኋቸው። የመንግሥት ንብረት ነው፣ አልሰጥም አሉኝ። ሌላ ቃል ይጨምራሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ስላይዳቸውን ሲጠርጉ ቆዩና ቀና ሳይሉ «የሳጥኑ እጀታ ላልቷል፤ የሚያነሳው ሰው ከሥር ካልደገፈው ይወድቃል» አሉ። ጠዋት ጠዋት የምጠርገው እኔ ስለነበርኩ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። እሑድ ማለዳ ከሥር ደግፌ አወጣሁት። ለዚህ ኋላ የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ከሥራ አባሮኛል። ይሁን። ዛሬም ቢሆን አወጣው ነበር።

እኔ ክሊኒክ ደርሼ እስክመለስ እናቴ ሥራዋን ጨርሳ ነበር። ልጅ ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ተሞሽራ ነው እንጂ እንደ ተባረረ ሰው አቧራዋን ይዛ አትገባም። ስለዚህ እናቴ እህቴን በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በቃጫ እየፈተገች አንገቷንና ደረቷን ቀይ እስኪመስል አጥባታለች። ፀጉሯን ሹሩባ ሠርታ አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ አድርጋባታለች፤ የተረፈውን አንገቷና ደረቷ ላይ አሽታዋለች። እህቴ ታበራ ነበር። እኔም እሰይ አልኩ፣ ይቺን አይተው ነው የሚያባርሩት አልኩ። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

እናቴን ቤት ትተን ሁለታችን በአውቶቡስ ፉሪን አልፈን መርካቶ ገባን፣ ከዚያ በአምቦ መንገድ ቡራዩ። ማይክሮስኮፑን ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሳጥኑን ሲያይ ሲያይ ቆየና ሬዲዮ ነው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። «እስቲ ክፈቺውና ወሬ እንስማ» አለ። ባትሪው አልቋል አልኩት፣ እስከ ቡራዩ ድረስ ስለ ባትሪ ውድነት አወራኝ።

ግቢው ውስጥ ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ገፈርሳ አጠገብ ከብትና መሬት ያላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ ኦቦ ብቻ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ አሉ። አማትየዋ «ከዚያ አትለፉ» ብላ እኛን ከአጥሩ በር አጠገብ ልታስቀረን ነበር፤ ኦቦ ግን እህቴን አዩና «ኮቱ፣ ታኢ» አሏት፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ገባን። የቤቱ በር ላይ ሠራተኛዋ ልጅቱን አዝላ ቆማ ነበር። ልጅቱ እናቷን ስታይ በሠራተኛዋ ጀርባ ላይ ተንፈራገጠች፣ ጮኸች፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ይዘዋት ገቡ፣ በሩንም ገፋ አደረጉት። ለቅሶው ግን ይሰማል። እህቴ ሁለት እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

አማትየዋ ጉዳዩን አስረዳች። ረጅም ነው፤ ስለ ደንበኛ፣ ስለ ስም፣ ስለ ዘር። «ጃንሆይ ይሙት፣ እኔ ልጄን ከበሽተኛ ጋር አላኖርም» ብላ ጨረሰች። እኔ ተነሳሁ። ለመናገር ተራ አልተሰጠኝም ነበር፤ ተራ ብጠብቅ እስከ ዛሬ አይደርሰኝም ነበር።

«በሽታውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ» አልኩ። «ካያችሁ በኋላ ወስኑ።»

ባዶ የጭነት ሳጥን ገልብጬ ማይክሮስኮፑን አስቀመጥኩ። ከሥሩ ያለውን መስታወት ወደ ፀሐይ አላዞርኩትም፣ ዓይን ያጠፋል፤ ፀሐይ ወደመታው የቤቱ ነጭ የኖራ ግድግዳ አዞርኩት። ብርሃኑ በቱቦው ሽቅብ መጣ። የእህቴን አንገት በምላጩ ፋቅሁ፣ ስላይዱ ላይ አኖርኩ፣ ፖታሽ ጠብ አደረግሁ፣ በሻማ አሞቅሁ፣ ጠበቅሁና ዓይኔን አደረግሁ። ክር የለም። ስላይዱን ወዲያ ወዲህ አልኩት። ክብ ክብ የሚያበሩ ጠብታዎች ብቻ፣ ትልቅና ትንሽ፣ እንደ ሾርባ ላይ ቅባት። እናቴ ቅርፊቱን ሁሉ ፈትጋ አውጥታ ቦታው ላይ ቅቤ እንዳኖረች ያኔ ገባኝ።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች አማትየዋ። ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣች፣ ገፋ አደረገችኝ፣ ጎንበስ ብላ አየች። ዓይን አላት፣ አልክድም። ጊዜ አልፈጀባትም።

«ይሄማ ቅቤ ነው» አለች። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «ቅቤ ለማየት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ መማር አያስፈልግም፤ እኔ ዘንድ በኪሎ አለ።»

ሳቁ። ኦቦ እንኳ ጺማቸውን ይዘው ፈገግ አሉ። አንደኛው ሽማግሌ እንግዲህ ታየ፣ ወደ ነገራችን እንመለስ አለ። ምላጩን አንሥቼ የእህቴን አንገት ደግሜ ፋቅሁ፤ የወጣው ቅቤ ብቻ ነው።

እህቴ ናት የተናገረችው። «ከጀርባዬ ውሰጂ» አለችኝ።

እናታችን ሰው የሚያየውን ነው ያጠበችው፤ አንገትና ደረት። ከቀሚስ ሥር ያለውን ጀርባ ማን ያየዋል? ትከሻዎቿ መካከል እንዳለ ነው። እኔ ግን ግቢው ውስጥ ወንዶች ተቀምጠዋል ብዬ ፈራሁ፣ እኔ፣ ምንም የማልፈራው። እህቴ ቀሚሷን መፍታት ስትጀምር ያው ወደ ነገራችን እንመለስ ያለው ሽማግሌ «ተይ ልጄ፣ ነውር ነው» አላት።

«ልጅን ከእናት ጡት መንጠቅ ነውር ካልሆነ የኔ ጀርባም ነውር አይደለም» አለችው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እኔ ስጮህ ጆሮዋን የምትይዘው እህቴ ናት።

ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን በፊት ለፊት ይዛ ቀሚሱን ከጀርባዋ ዝቅ አደረገችው። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ሰበሩ፤ ኦቦ ብቻ አልዞሩም፣ የሚፈርድ ሰው ማየት አለበት አሉ። ትከሻዋ መካከል ነጫጭ ክቦቹ እንደ ካርታ ተያይዘዋል። ምላጩ ሲነካቸው ደረቅ ዱቄት ብን አለ። እሰይ።

የጤነኛ ሰው ቆዳም እንዲያዩ ፈለግሁ፤ አለበለዚያ ክሩ የማንም ሰው ቆዳ ውስጥ ያለ ነው ይሉኛል። አማትየዋን ከእርስዎ ልውሰድ አልኳት። «እኔን በምላጭ?» ብላ ወደ ኋላ አለች። ያኔ ባልየው ከቅቤው ክፍል በር መጣ፣ ጫማውን እያየ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ። «ከኔ ውሰጂ» አለ። በዚያ ቤት ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ሁለቱ ስላይዶች ላይ ፖታሽ ጨመርኩ። አሁን መጠበቅ ነው፤ ቆዳው እስኪጠራ ማንም ሊያፈጥነው አይችልም። ቁጭ ብዬ መጠበቅ የማልችለው እኔ ቆሜ ጠበቅሁ። ኦቦ ውሃው ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ። ኃይለኛ የአመድ ውሃ በሉት፣ ቆዳውን እያሟሟ ያጠራዋል፣ ብርሃን እንዲያልፍበት ያደርጋል አልኳቸው። ኦቦ አልገባቸውም። አማትየዋ ግን ሳታስበው «ቅቤ የጠጣ ወረቀት ወዲያ ማዶ ያለው ፊደል እንደሚታይበት ነዋ» አለች፣ አለችና ለማን እንዳገዘች ሲገባት አፏን ያዘች።

«እንደዚያ ነው» አልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ልጅቱ ውስጥ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። እህቴ ጀርባዋን እንደሰጠች ናት፣ ነገር ግን ያቀፈችው ነጠላ ሲርስ አየሁት።

መጀመሪያ የባልየውን ስላይድ አደረግሁ። ኦቦን ጠራኋቸው። የቱን ዓይን እንደሚጨፍኑ ጠፋቸው፣ በመጨረሻ አንዱን በመዳፋቸው ከደኑት። ደመና ነው አሉ፣ ባዶ ደመና። ቀጥሎ የእህቴን አደረግሁና ጥርት እስኪል አስተካክዬ ዞር አልኩላቸው። ምን እንደሚያዩ አልነገርኳቸውም። ብዙ ቆዩ።

«ክር አለ» አሉ። «የተቆራረጠ ክር። መሐሉ ላይ ደግሞ የፈሰሰ የጎመን ዘር የሚመስል አለ።» ቀና አሉ። «ሥጋ ደዌ ይሄ ነው?»

«አይደለም። ይሄ ቋቁቻ ነው፤ ቅባት ያጠፋዋል።»

«ይሄ ስላለ ያኛው የለም ማለት ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ ወደድኳቸው። የሥጋ ደዌ ቆዳ ሲነካ አያውቅም፣ እርስዎ ራስዎ ይሞክሩ አልኳቸው። ኦቦ መሬት ላይ የወደቀ የዶሮ ላባ አነሡ፣ እህቴ ጀርባዋን እንደሰጠች ሳይናገሩ ነጩን ቦታ ነካ አደረጉት። «አሁን» አለች። ሌላውን ነኩ። «አሁን፣ ወደ ግራ።» ከዚያ ላባውን አየር ላይ ይዘው ቆሙ። እህቴ ዝም አለች። እንደገና ነኩ። «አሁን።»

«ዱጋ ዳ» አሉ ኦቦ፣ ላባውን ጥለው። እውነት ነው።

የቀሩት ሽማግሌዎች ተራ በተራ አዩ፤ አንዱ ክሩን አየሁት፣ አንዱ ሽፋሽፍቴ ነው መሰለኝ እያለ። አማትየዋን ይዩ ስላት ዓይኔ ደክሟል አለች። ቅቤውን ስታይ አልደከመም ነበር።

ፍርዱ አጭር ነበር። ትግባ፣ ልጇን ትቀፍ፣ ጋብቻው ይጽና፣ አማትም ይቅርታ ትበል። አማትየዋ የበሩን ሳንቃ በእጇ ገፋ አድርጋ «ትግባ እንግዲህ፣ በሩ ክፍት ነው» አለች። ይቅርታ ማለቷ ይሄ ነው። እናቴ ብትኖር እልል ትል ነበር። እኔም ማይክሮስኮፑን ወደ ሳጥኑ እየመለስኩ ማታ ለእናቴ እንዴት እንደማወራው በሆዴ እደረድር ነበር።

እህቴ ገባች። ለቅሶው ቆመ። ትንሽ ቆይታ ልጅቱን ታቅፋ ወጣች፣ ልጅቱ አፏን የእናቷ ቀሚስ ላይ ለጥፋዋለች። እህቴ አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ ወደ ግቢው በር ሄደች። ባልየው ተከትሎ የት ነው አላት። አማትየዋም ከኋላ፣ በሩ ክፍት ነው ተብለሽ የለም ወይ አለች።

«ክፍት የሆነው ለመግባት ብቻ ነው?» አለች እህቴ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «እኔ ሰበታ ነኝ። ልጅህን ስትናፍቅ ና። እናትህን ሳትጠይቅ ግን።»

ያው ሽማግሌ ይህን አልወሰንንም ብሎ ተነሣ። ኦቦ ከዘራቸውን ዘርግተው አስቀመጡት። «እሷ ወሰነች» አሉት።

መንገድ ዳር ቆመን አውቶቡስ ጠበቅን። ልትመለስ ነው ብዬ እኮ ነው ይሄን ሁሉ የለፋሁት አልኳት፤ ተቆጥቼ ነበር። «እኔ ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት፤ አንቺ ልታሸንፊ ነው የመጣሽው» አለችኝ። የሚመጣውን አውቶቡስ እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። አንዲት ነጠላዋን ተከናንባ የተቀመጠች ሴት ጠጋ ብላ አስቀመጠችን። እህቴ ልትቀመጥ ስታጎነብስ ሴትየዋ አንገቷን አየች፤ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ነጫጮቹ ደህና አድርገው ይታያሉ። ሴትየዋ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች፣ ቅርጫቷን አንሥታ ሄዳ ከሾፌሩ ጀርባ ቆመች። ልነግራት ተነሣሁ፤ ማይክሮስኮፑም እኮ እጄ ላይ ነው፣ ፖታሹም አለ። እህቴ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ።

ነጠላዋን ወደ አንገቷ አልሳበችም። ሴትየዋ በተወችው ቦታ ላይ ገለል ብላ ተመቻቸች፣ ጡቷን አወጣች፣ ልጅቱን አስጠጋች። «ተያት» አለችኝ። «ሰፊ ቦታ አገኘን።» ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና መጥባት ጀመረች፣ ወተቱ በዝቶባት ትን አላት፣ ሳለች፣ እንደገና ያዘች።